ደቻቱን ከግንቡ ባሻገር

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የነጠቀን፣ ድሬዳዋ ላይ በጣለ ዝናብ ብቻ ሳይሆን ከደንገጎ ወገን ካሉት ተራሮች በተንደረደረ ውሃ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠራው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ጠቃሚ ቢሆንም፣ የተራቆተ ተዳፋት በየዓመቱ የሚያወርደው ደለል የወንዙን ወለል ከፍ ባደረገው መጠን የግንቡ ቁመት እያጠረ ይሄዳል።

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አንድ አይሱዙ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ በደረቁ የወንዙ አሸዋ ላይ ሲዘረግፍ አየሁ፤ አጠገቡ የጫት ገረባና ፌስታል ተከምሯል። ሾፌሩን ብጠይቀው «ክረምት ይወስደዋል» አለኝ። (መውሰዱንስ ይወስደዋል፤ ድልድዩ ሥር ግን ይወትፈዋል።)

የከተማው አስተዳደር ደቻቱን «ከዚራ» እና «መጋላ» የተባሉትን የከተማዋን ሰፈሮች እንደሚለይ ቦይ ሳይሆን እንደ አንድ ተፋሰስ ቢያቅደው፣ የወንዙን ዳርቻ ከግንባታ ነፃ አድርጎ በካርታ ቢከልል፣ የላይኛው ተፋሰስ ከፊሉ ከወሰኑ ውጭ ስለሆነም ከምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ጋር የእርከንና የክትር ሥራውን በጋራ በጀት ቢይዝ እላለሁ። ካርታው በየቀበሌው ቢለጠፍ፣ መሬት የሚገዛውም ሰው አስቀድሞ ያየዋል።

ከድሬዳዋ ነዋሪ