ሳታነቢ አትፈርሚ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ሄዳ መጣች።

አክስትሽ ትናንት ደውላ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ እዚያው እንግሊዝ አገር ኬንት ሄደሽ እንጆሪ ልትለቅሚ ነው አለችኝ። ሥራው ደስ ብሎኛል። የአድአ ጤፍ አራሽ የልጅ ልጅ ነሽ፣ አፈር መንካት ክብርሽ ነው። ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ውሉን በስልክሽ ላይ ሳታነቢ ፈርመሻል አሉ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚፈርመው» ብለሻታል። ሁሉም የእኔ ልጅ አይደለም። ሳታነቢ አትፈርሚ ብዬሽ አልነበረም?

አሁን የአስተማሪነት አመሌ ተነስቶብኛል፤ ታገሺኝ። የምትሄጂበት ቦታ «ፋርም» ይባላል። እርሻ ማለት ነው ብለሽ እንዳታልፊው። ቃሉ ሲጀመር ከአፈርም ከበሬም ጋር አይተዋወቅም ነበር። በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ፊርማ» ማለት ቁርጥ ክፍያ ነበር፤ አንዴ ከተወሰነ ከፍ ዝቅ የማይል። በፈረንሳይኛ «ፌርም» ሆኖ እንግሊዝ ገባ። የእኛም ፊርማ በጣሊያንኛ በኩል የመጣ የዚያው ዘመድ ነው። ሁለቱም «ማጽናት» ከሚል የላቲን ግስ ይወለዳሉ።

የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1086 አገሩን ባስመዘገበበት መጽሐፍ ውስጥ «የአንድ ሌሊት ፊርማ» የሚባል ግብር አለ። ንጉሡንና አጃቢዎቹን አንድ ሌሊት የሚያበላ ስንቅ ነው፤ የእኛ ሰው ድርጎ የሚለው ዓይነት። «ፋርመር»ም መጀመሪያ አራሽ አልነበረም። ለንጉሡ ቁርጥ ገንዘብ ከፍሎ ግብር የመሰብሰብ መብት የሚይዝ፣ የተረፈውን ለራሱ የሚያስቀር ሰው ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ይህ እስከ አብዮቱ ቆይቷል። ኬሚስትሪ ስታጠኚ ስሙን የሸመደድሽው ላቮይዚዬ ከእነዚህ ግብር ሰብሳቢዎች አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1794 አንገቱን የተቀላውም ከእነሱ ጋር ነው። እንግሊዝ አገር ቃሉ ከክፍያው ወደ ውሉ፣ ከውሉ በኪራይ ወደተያዘው መሬት ዞረ። እርሻ ሁሉ ፋርም መባል የጀመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው።

ይህን ሁሉ ሳስተምር አያትሽ ከፊቴ አይጠፉም ነበር። ጭሰኛ እንደነበሩ ታውቂያለሽ። የወረቀቱን ነገር ግን በደንብ አልነገርኩሽም። የባለርስቱ ወኪል አንድ ቀን ወረቀት ይዞ መጣ። «ያው የሲሶው ነው» አላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቶ አስጫናቸው። አዝመራው ሲወቃ ወረቀቱ እኩል ይላል ተባለ። ከሦስት ቁና አንዱ ሳይሆን ግማሹ ሄደ፤ አሥራቱ ሲጨመርበት ለእኛ የቀረውን አስቢው። በማግሥቱ ዓመት ዝናቡ ቀረ፣ ወረቀቱ ግን እንዳለ ነበር። እኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነው። ቤታችን ውስጥ አንብቦ «አባባ፣ ተው» የሚል አንድ ሰው አለመኖሩ ዛሬም ያንገበግበኛል። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ አያትሽ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ግቢያችን በእልልታ ተናጋ። እሳቸው ግን አውራ ጣታቸውን ደጋግመው በጋቢያቸው ይጠርጉ ነበር።

አንቺ ታነቢያለሽ። በሁለት ቋንቋ ታነቢያለሽ። ታዲያ እንዴት ሳታነቢ ትፈርሚያለሽ?

በይ ስሚኝ። ከፈረምሽም ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢው። የምታድሩበት ተጎታች ቤት በሳምንት ስንት እንደሚቆረጥበት ፈልጊ። ከደመወዝሽ ላይ ሌላ የሚነሳ ነገር ካለ እሱንም። ክፍያው በኪሎ ነው ካሉሽ፣ የሠራሽበት ሰዓት ሲሰላ ከሕጉ ዝቅተኛ ክፍያ በታች መውረድ እንደሌለበት እወቂ። ሰዓትሽን በየቀኑ በደብተር ጻፊ። ፓስፖርትሽን «እኛ ጋ ይቀመጥ» ካሉሽ በፍጹም አትስጪ። ያልገባሽ አንቀጽ ካለ ጠይቂ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ከዚህ በኋላ የሚያመጡልሽን ወረቀት ደግሞ ሳታነቢ አትፈርሚ፣ ሰልፉ ቢረዝም፣ አለቃው ቢቆጣ።

የኔ እናት፣ ተቆጥቼሽ አይደለም። እንቅልፍ ነው ያጣሁት። ውሃ የማያስገባ ቦት ጫማ ግዢ፣ ወገብሽንም ጠብቂ፤ ጎንበስ ብሎ መዋል ቀላል አይደለም። እናትሽ በርበሬና ሽሮ በሚመጣ ሰው ትልካለች። የውሉን ገጾች በሙሉ ፎቶ አንስተሽ እስከ እሑድ ላኪልኝ፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ አነበዋለሁ።

አባትሽ