የአባቴን ፊርማ ከምርምር ፓርኩ ቃለ ጉባኤ ላይ አንሡልኝ

ለከተማችን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ
ሰሜን ሸዋ

ክቡር አፈ ጉባኤ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ በማጣታቸው ነው። የመጀመሪያው ወደ ሌላ ክፍል ተመርቷል ተባልሁ፤ ሁለተኛው በሥራ መደራረብ ምክንያት አልታየም ተባለ፤ ሦስተኛውን ገቢ የሆነበትን ቁጥር ይዤ ብጠይቅ «ፋይሉ አልተገኘም» ተብዬ ተመለስሁ። ከእንግዲህ በር የማንኳኳበት ቢሮ አልቀረኝም።

ጉዳዩ በወንዛችን ዳር ሊገነባ የታሰበው፣ ቤተ ሙከራ የሚኖረው የምርምር ፓርክ ነው። ምክር ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ እየተከራከረበት መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል፤ አንዱ ወገን ለወጣቱ ሥራ ይፈጥራል ሲል ሌላው በመስኖ የሚለማ መሬት አንዴ ከሄደ አይመለስም ይላል። እኔ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ማይክሮስኮፕን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቁ ተማሪዎች ስለማስተምር ምርምርን የምጠላበት ምክንያት የለኝም። የምቃወመው በየክርክሩ መካከል «ነዋሪው ተወያይቶ ተስማምቷል» እየተባለ የሚጠቀሰውን ቃለ ጉባኤ ነው። ከእርሱ ጋር በተያያዘው የስም ዝርዝር ላይ የአባቴ ፊርማ አለ፤ አባቴ ግን ስለ ምርምር ፓርክ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

ባለፈው ታኅሣሥ አባቴ የሄዱት ስለ መስኖ ቦይ ጥገና ወደተጠራ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። መገኘታቸውን ለማረጋገጥ ስማቸውን ሲጽፉ እስክርቢቶው ቀለም ጨረሰባቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት በሰማያዊ፣ የቀረውን ከጎናቸው ከተቀመጡት ሰው በተዋሱት ጥቁር እስክርቢቶ ጨረሱ። ማታ እሳት ዳር ሆነን ይህንኑ አጫውተውናል። ከአራት ወር በኋላ የፓርኩን ቃለ ጉባኤ ዋና ቅጂ ለማየት ዕድል ሳገኝ፣ ያው ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነው የአባቴ ስም በዝርዝሩ መካከል ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ከላይ ያለው ገጽ አዲስ ነው፤ የስም ዝርዝሩ ወረቀት ጥግ ላይ ግን ቀድሞ ከሌላ ወረቀት ጋር ተመትቶ የተነቀለ የስቴፕለር ቀዳዳ በግልጽ ይታያል። ጣቴን አስነክቼዋለሁ። ለቦይ ጥገና የተሰጠ ፊርማ መሬት ለማስለቀቅ ስምምነት ሆኖ ቀርቧል ማለት ነው።

ሕጉን ለእርስዎ ማስተማር አይጠበቅብኝም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ገበሬ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው፣ አንቀጽ 92 ደግሞ ጉዳዩ የሚመለከተው ሕዝብ በአካባቢው ላይ በሚታቀደው ሥራ ሐሳቡን መግለጽ እንዳለበት ያውቃሉ። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከመሬቱ የሚነሣው ሰው አስቀድሞ እንዲመከር፣ ትእዛዙም በጽሑፍ እንዲደርሰው ያዝዛል፤ አባቴ እስከ ዛሬ አንዲት ወረቀት አልደረሳቸውም። ወረቀት ያልደረሰው ሰው ለአቤቱታ ሰሚው አካል ምን ይዞ ይቀርባል? የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ተገልጦ አስተያየት እንዲሰጥበት ይላል። ሪፖርቱን ጠይቄ አላገኘሁም። ከቤተ ሙከራ የሚወጣው ፍሳሽ የት እንደሚገባ የነገረንም የለም፤ ከታች በኩል ያለው ሰው ከብቱን የሚያጠጣው ከዚያው ወንዝ ሲሆን ውሃው ወርዶ ጀማን፣ ጀማም ዓባይን ይቀላቀላል።

የአባቴ መሬት ሁለት ጥማድ አይሞላም። በበጋ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይበቅልበታል፤ ከጎኑ ያለው ጨፌ ደጋው በውርጭ ተመትቶ ሣር ሲጠፋ ለበጎቹ የሚተርፍ ብቸኛው መስክ ነው። አፈሩ መረሬ ስለሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ውሃው እርሻው ድረስ ይወጣል። ሕንፃ ለማቆም ከዚህ የከፋ ቦታ መፈለግ ይከብዳል።

ደግሞም ምርምር ገበሬውን ሳያፈናቅል እንደሚሠራ ዞናችን ራሱ ምስክር ነው። በ2001 ዓ.ም. መንዝ ላይ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ እርባታ የተካሄደው በገበሬው መንጋ ውስጥ ነው፤ ለዝርያ የሚቀረውን አውራ በግ ገበሬውና ተመራማሪው አብረው ይመርጡታል። የእነዋሪ ገበሬ የመረሬ ማሳውን ውሃ ለማንጣፈፍ ሰፋፊ መደብና ቦይ በእጁ ሲሠራ ኖሯል፤ ተመራማሪዎች ይህንኑ አይተው በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠርተውለታል። እነዚህ ሰዎች ወደ ገበሬው ሲመጡ የጠየቁት ዕውቀቱን ነበር። እኛ ዘንድ የተፈለገው ፊርማው ብቻ ሆነ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ያ የስም ዝርዝር ከቃለ ጉባኤው ይነጠል፤ ማን እንዳያያዘውም ይጣራ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የወንዙ ዳር ባለይዞታዎች በስማቸው ተጠርተው፣ አጀንዳው አስቀድሞ ተነግሯቸው፣ በምክር ቤቱ አዳራሽ ይሰሙ። አባቴ የጤፍ ቅንጣት የሚያህል ነገር አይደብቁም፤ «ፓርኩ ይሠራ» ካሉም በራሳቸው አፍ ይበሉት።

ዋናው ሰነድ እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ በቦታው ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ከአባቴ ጋር እመጣለሁ፤ የፈረሙበት ወረቀት በፊታቸው እንዲገለጥና «ይህን የፈረሙት ለምንድን ነው?» ተብለው በእርስዎ አንደበት እንዲጠየቁ እፈልጋለሁ።

የወንዙ ዳር ባለይዞታ ልጅ