መጀመሪያ ሲጋራውን ልቀቅ

ወንድም ዓለሜ፣

ሰላም ነው? እንዴት ተጠፋፋን በናትህ! ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አንተሳሰብ፤ ከተሳሰብን መጣላታችን ነው። ቤተሰብ ሁሉ ደህና? እኔ ደህና ነኝ።

ብዕር ያስነሳኝ ያንተ ወሬ ነው። ቬፕ፣ ያ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ገዛ አሉኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ጨመሩልኝ፦ «ቤት ውስጥ ቬፕ፣ ውጭ ሲጋራ ነው»። ሳቄ መጣ፤ ትንሽ አሳሰበኝም። እኔም ከሲጋራ የወጣሁት በዚሁ በቬፕ ነው፤ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ከሃያ ወደ አምስት ወርጃለሁ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ጎሽ! ግን ልብ እንደዚያ አትቆጥርም። እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ወጥቶ ነበር። በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው በልብ ሕመም የመያዝ ተጨማሪ አደጋው፣ ሃያ ከሚያጨሰው ሰው ግማሽ ያህል ነው። አንድ ሃያኛ አይደለም፣ ግማሽ! አምስቷ ሲጋራ እስካለች ድረስ ቬፑ ብዙም አልሠራልህም ማለት ነው።

ነገሩ ያለው እሳቱ ላይ ነው። ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲኑ ነው፤ በዋናነት የሚገድለው ግን ትንባሆው ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ነው። ቬፕ ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ ያሞቃል እንጂ ትንባሆ አያቃጥልም። ይህ ማለት ግን ንጹህ አየር ነው ማለት አይደለም። የረጅም ጊዜ ጉዳቱም ገና በደንብ አልታወቀም። አጭሶ የማያውቅ ልጅ ሲስበው ባይ፣ ቀድሜ የምቆጣው እኔ ነኝ። እኔና አንተ ግን የመጣነው ከጭስ ነው።

እና ምን ላድርግ ካልክ፣ ከጠዋቷ ሲጋራ ጀምር። እሷ ናት አለቃቸው። ሌሊቱን ኒኮቲኑ ከደምህ ስለሚወርድ ሐራራው ያኔ ይበረታል። ቬፑን ማታውኑ ቻርጅ አድርገህ፣ ሞልተህ፣ ራስጌህ አስቀምጠው። ስትስብ እንደ ሲጋራ ቶሎ ቶሎ አትማገው፤ ሦስት አራት ሰከንድ ቀስ አድርገህ ሳበው። «አያረካም» ብለው የሚጥሉት ብዙዎቹ አሳሳቡን ስላልለመዱት ነው። ወይም ደግሞ ኩራት ይዟቸው ኒኮቲኑ ያነሰውን ፈሳሽ ስለሚገዙ።

ኒኮቲኑን ለመቀነስ አትቸኩል። ጠርሙሱ ላይ 18፣ 12፣ 6፣ 3 እያለ የተጻፈው በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው የኒኮቲን ሚሊግራም ነው። ሲጋራውን ጨርሰህ ሳትተው ቁጥሩን ካወረድከው ሐራራው መልሶ ወደ ፓኮው ይወስድሃል። ቁጥሩን አውርደህ ቀኑን ሙሉ ቬፑን ከአፍህ ካልነጠልክም፣ ሰውነትህ የጎደለውን እያካካሰ ነው፤ ትንሽ ቆይ። እኔ አሁን 3 ላይ ነኝ። እጄ ግን እስካሁን ላይተር ፍለጋ ኪሴ ይገባል፣ ምን ታደርገዋለህ።

ቬፑንም መተው የራሱ ሥራ አለው። እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ በ2019 በወጣ ጥናት፣ ሁለቱም ወገን የባለሙያ ድጋፍ እያገኘ፣ ከዓመት በኋላ ቬፕ ከተሰጣቸው 18 በመቶው፣ ፕላስተርና ማስቲካን የመሳሰሉ የኒኮቲን ምትኮች ከተሰጣቸው ደግሞ 9.9 በመቶው ሲጋራ ትተው ተገኝተዋል። ጥሩ ነው። ግን በቬፕ ከተዉት 80 በመቶው ያኔም ቬፑን እየሳቡ ነበር። ፕላስተሩ ከተስማማህ እሱም መንገድ ነው፤ ሐኪም አማክር።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ጠርሙሱን ልጆች እጅ አታስገባ። ኒኮቲን ሲጠጣ መርዝ ነው።

በል እንግዲህ፣ ስትመልስልኝ ሁለት ነገር ንገረኝ፦ ፈሳሽህ ስንት ቁጥር ነው? ከአምስቷ ሲጋራ የትኛዋ ናት እምቢ ያለችህ? በእሷ ላይ አብረን እንመክራለን።

ያንተው ወንድም