የሕፃን ራስ ላይ ያረፈ የውሻ ንክሻ ተሰፍቶ ብቻ አይሸኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ውሻ ልጅ ነከሰ ሲባል የሁሉም ሐሳብ ወደ እብድ ውሻ በሽታ ይሄዳል። ስጋቱ ተገቢ ነው። የተነከሰው የሕፃን ራስ ሲሆን ግን ክትባት ተሰጥቶና ቁስሉ ተሰፍቶ ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ ሳይታይ የሚቀር ሌላ አደጋ አለ፤ የራስ ቅል መበሳት።

የትንሽ ልጅ ራስ ለውሻ አፍ ቅርብ ስለሆነ ንክሻው በአብዛኛው ራሱ፣ ፊቱና አንገቱ ላይ ያርፋል። አጥንቱ ገና ስስ ነው፤ እርግብግቢቱ ያልገጠመ ጨቅላ ደግሞ በዚያ ቦታ ጭራሽ አጥንት የለውም። የውሻ ክራንቻ አጥንቱን ሰርጉዶ ወይም በስቶ የአንጎልን ሽፋን ሊቀድ፣ ምራቅና ፀጉርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ጥርሱ ሲወጣ ቆዳው መልሶ ይገጥምና ከላይ የሚታየው ምስር የምታህል ቀዳዳ ብቻ ይሆናል። ልጁ ራሱን ሳይስት፣ ሳያስመልሰው፣ እየተጫወተ ሊመጣ ይችላል። ባለሙያን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው።

ስለዚህ በቁስሉ ዙሪያ ያለው ፀጉር ይቆረጥ (ቅንድብ ግን አይላጭ)፣ ከዚያም ሁለተኛው ቀዳዳ ይፈለግ። ውሻ የሚነክሰው በሁለቱም መንጋጋው ነው፤ በአንድ በኩል ጥርስ ካረፈ በሌላው በኩል፣ ከጆሮ ኋላ ወይም ከፀጉር ሥር፣ አቻው ሊኖር ይችላል። ቀዳዳውን በመሣሪያ መጎርጎር አያስፈልግም። ራጅ ትንሽ ስብራት ሊስት ስለሚችል ጥልቅ ቀዳዳ ያለው ሕፃን ሲቲ ስካን ይነሣ። ጨረሩን መስጋት ተገቢ ቢሆንም እዚህ ላይ ጥቅሙ ያመዝናል። አጥንቱ ተበስቶ ከተገኘ ጉዳዩ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው፤ ጸረ ባክቴሪያውም በደም ሥር መሰጠት አለበት።

እዚያ እስኪደረስ ወላጅ ደሙን ያቁም። የራስ ቆዳ ብዙ ይደማል፤ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በጠቅላላው ያለው ደም 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ 200 ሚሊ ሊትር ቢፈስሰው እንኳ አደጋ ላይ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ ነው፤ አጥንቱ የሰረጎደ ከመሰለ መጫን ያለበት በዙሪያው እንጂ መሀሉ ላይ አይደለም። ደሙ ሲገታ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ። ጥርት ያለ ፈሳሽ (የአንጎል ውሃ ሊሆን ይችላል) ወይም አጥንት ከታየ ግን ውሃ ወደ ውስጥ ሳይገፋ በንጹሕ ጎዝ ሸፍኖ መሮጥ ነው። ዘይት፣ አመድ፣ ቅጠል አይደረግበት።

የራስ ቁስል ለአንጎል ቅርብ በመሆኑ የእብድ ውሻ በሽታ ፈጥኖ ሊነሣበት ይችላል፤ ውሻው ለ10 ቀን እስኪታይ ተብሎ ሕክምናው አይዘገይ። ክትባት ብቻውን አይበቃም። ኢሚዩኖግሎቡሊን (ቫይረሱን ወዲያው የሚከላከል፣ ተዘጋጅቶ የሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል) ከሰው የተዘጋጀው በኪሎ 20፣ ከፈረስ የተዘጋጀው በኪሎ 40 ዩኒት ሆኖ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ መድኃኒቱ መቀመጫ ላይ ተወግቶ ቁስሉ ባዶውን ይቀራል። ለቀዳዳዎቹ ሁሉ ካልተዳረሰ መጠኑን ከመጨመር ይልቅ በሳላይን (ለመርፌ በተዘጋጀ የጨው ውሃ) ይቅጠን። ክትባቱ ለሕፃን ጭን ላይ እንጂ መቀመጫ ላይ አይሰጥም። መስፋት ካስፈለገም ኢሚዩኖግሎቡሊኑ ከተወጋ ጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ላላ ተደርጎ ነው።

አጥንት ላልነካ ጥልቅ ንክሻ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ከ3 እስከ 5 ቀን ይሰጣል። ሴፋሌክሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን ብቻውን ማዘዝ በውሻ አፍ ውስጥ ለሚገኘው ፓስቱሬላ ለተባለ ባክቴሪያ አስተማማኝ አይደለም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጣራ።

ወላጆች ሲሸኙ በጽሑፍ የሚሰጣቸው ማስጠንቀቂያ ለቀጣዩ ቀን ብቻ መሆን የለበትም። አንጎል ውስጥ መግል ለመቋጠር ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ቆዳው ድኖ ጠባሳ ከያዘ በኋላ ልጁ ቢያተኩሰው፣ ቢነጫነጭ፣ ቢያስመልሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለው ወይም ቢያንቀጠቅጠው በዚያኑ ቀን ይመለስ፤ ተቀባዩም ሐኪም «ቁስሉ ድኗል» ብሎ ሳይመልሰው ሲቲ ስካኑን በደም ሥር ከሚሰጥ ማቅለሚያ ጋር ይድገም።