ጭቃውን ተዉልን፦ ስለ ሐረማያ ሐይቅ ዳር ግልጽ ደብዳቤ

ለሐረሪ ክልል እና ለምሥራቅ ሐረርጌ ዞን የአካባቢ ጥበቃና የውሃ ጉዳይ ኃላፊዎች፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ የምጽፍላችሁም ስለ ሐረማያ ሐይቅ ነው፣ በተለይ ግን ስለ ዳሩ፣ ስለዛ ማንም ዞር ብሎ ስለማያየው ጭቃ። ሐይቁ ኦሮሚያ ውስጥ እንደሆነ አውቃለሁ ግን ሐረር ለስንት አስር ዓመት ከሱ ጠጥታለች፣ ስለዚህ ደብዳቤው ለሁለታችሁም ነው።

ታሪኩን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በ1996 እና 97 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ጭልጥ ብሎ ደረቀ። የሐረርም የአወዳይም የሐረማያም ቧንቧ ከሱ ይሳብ ነበር፣ ዙሪያውን ደግሞ ለጫቱና ለአትክልቱ ሞተር ተደርድሮ ይስባል፣ ከተራቆተው ዳገት ደለሉ ይወርዳል፣ ሐይቁ ራሱ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ትልቅ ወንዝ የለውም የዝናብ ጎርፍ ነው የሚሞላው፣ እና ከሚገባው የሚወጣው በለጠ አለቀ። ከዛ በኋላ የመጣውን የጀሪካን ሰልፍ የሐረር ሰው አይረሳውም፣ ውሃ ከድሬዳዋ ቆላ ሽቅብ እየተገፋ እዚህ ድረስ እስከመምጣት ደርሷል። አሁን አልሀምዱሊላህ ውሃው ተመልሷል፣ ወፎቹም አብረው ተመልሰዋል፣ ዳክዬው፣ ዝዩ፣ ያ ግንባሩ ነጭ የሆነው ጥቁሩ የውሃ ወፍ፣ በበጋ ደግሞ ከሩቅ የሚመጡት እንግዶች።

እስቲ ስለነዚህ እንግዶች ትንሽ ታገሱኝ። ስቲንት የሚሏት አንዲት ወፍ አለች፣ ክብደቷ ብዙ ጊዜ 30 ግራም እንኳን አይሞላም፣ እንቁላሏን የምትጥለው ሰሜን ዋልታ አጠገብ በረዷማው የሩሲያና የኖርዌይ ጫፍ ላይ ነው፣ እዛ ብርዱ ሲጀምር ተነስታ በሺህ የሚቆጠር ኪሎሜትር በርራ አፍሪካ ትገባለች። ይቺ ወፍ ሐይቁ መሀል ላይ ምንም ሥራ የላትም፣ አትዋኝም አሳም አትበላም። የሷ ቦታ ውሃና መሬት የሚነካካበት ቀጭኗ ጭቃ ናት፣ እዛች ላይ ትሮጣለች ትለቅማለች፣ ለመመለሻ የሚሆናትን ስብ የምታጠራቅመው ከዛ ነው።

የጭቃን ነገር በደንብ ማየት የፈለገ ሰው ባቡሩን ይዞ ጅቡቲ ይውረድ። እዛ ከተማዋ ውስጥ አምቡሊ የሚባል ወንዝ አለ፣ ልክ እንደኛ የድሬዳዋ ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው ዝናብ ሲመጣ ግን ይሞላል፣ ልዩነቱ ደቻቱ ባህር ሳይደርስ ቆላው ላይ ይቀራል አምቡሊ ግን ባህር ይገባል። ወንዝ ባህር የሚገባበት አፍ ላይ፣ የትም ሀገር ይሁን፣ ከላይ የመጣው ደለልና ቅጠላቅጠል ይቀመጣል፣ ጨው ውሃና ጣፋጭ ውሃ ይደባለቃል፣ ለዓይን ምንም የሌለበት ይመስላል ግን ጭቃው ውስጥ ትል አለ፣ ቀንድ አውጣ አለ፣ ሸርጣን አለ፣ ብዛቱ ለጉድ ነው። ባህሩ ሲሸሽ ወፎቹ ይወርዳሉ፣ አጭር ምንቃር ያለው ከላይ ከላይ ይለቅማል፣ ረጅም ምንቃር ያለው ጥልቅ ያለውን ትል ይስባል፣ ስለዚህ አንድ ሜዳ ላይ ሆነው ብዙም ሳይሻሙ ይበላሉ። በቀይ ባህርና በኤደን ባህረ ሰላጤ ዳር የምትገኝ ነጭና ጥቁር ወፍ አለች፣ ዋና ምግቧ ሸርጣን ነው፣ ጎጆዋንም እንደሌላው ወፍ ዛፍ ላይ አትሠራም አሸዋ ቆፍራ ጉድጓድ ውስጥ ነው እንቁላል የምትጥለው። ማንግሮቭ የሚባለው ጨው የሚችለው ዛፍ ሥር ደግሞ የአሳ ጫጩትና ትንንሽ ሽሪምፕ ይደበቃሉ፣ እዛ አድገው ነው ወደ ጥልቁ የሚወጡት፣ ስለዚህ ያ ጭቃ ሲጠፋ ዓሣ አጥማጁም ቀስ ብሎ ይጎዳል። በዓለም ላይ ስንት የወንዝ አፍ እኮ "ባዶ ረግረግ ነው" ተብሎ ተደልድሎ ወደብና ሕንፃ ሆኗል።

አሁን ወደ ሐረማያ ልመለስ። የኛ ሐይቅ ጨው ውሃ የለውም፣ ባህር በቀን እንደሚሸሸውና እንደሚመለሰውም አይደለም፣ ግን ክረምት ይሞላል በጋ ይሸሻል፣ ውሃው በሸሸ ቁጥር ገና ያልደረቀ አዲስ ጭቃ ይወጣል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ማለትም ልክ እንግዶቹ ባሉበት ሰዓት! እኔን የሚያስጨንቀኝ እዚህ ጋር ነው፣ ይሄ ውሃ የለቀቀው መሬት እርጥብና ለም ስለሆነ ወዲያው ይታረሳል፣ ድንች ሽንኩርት ጫት ምናምን ይገባበታል፣ ሞተሩም ተከትሎ ይመጣል። ገበሬውን አልወቅስም፣ መሬት ጠባብ ነው ልጆች አሉት፣ ሐይቁ ደርቆ በነበረ ጊዜ ወለሉን እያረሰ የኖረም ሰው አለ፣ ውሃው ሲመለስ መሬቱን ያጣው እሱ ነው እና እሱን ያላካተተ ጥበቃ አንድ ክረምት አይዘልም። ግን እስከ ውሃው አፍ ድረስ ማረስ ማለት ደለሉንና ማዳበሪያውን በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ መክተት ነው፣ ወፎቹም ቦታ ያጣሉ ሐይቁም ሁለተኛ ይሞላል፣ በውሃ ሳይሆን በአፈር።

ሌላው ፍርሃቴ ልማት በሚል ስም የሚመጣው ነው። ውሃ ባለበት ቦታ ሁሉ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሎጅ፣ መናፈሻ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ካብ፣ ኮብልስቶን ነው። ሲያዩት ያምራል አልክድም፣ ግን ዳሩን በድንጋይ ግንብ ካጠራችሁት ውሃው ሲሸሽ የሚወጣ ጭቃ አይኖርም፣ ስቲንቷ የምትቆምበት አንድ ክንድ ቦታ አይኖርም። ሀገሪቱ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ን ያወጣችው በ1995 ዓ.ም. ነው፣ ከግንባታ በፊት ይጠና ሕዝብም ይጠየቅ ይላል፣ እና እዚህ ሐይቅ ዳር አንድ ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት ጥናቱ ይሠራ፣ እኛም እንጠየቅ።

የምለምናችሁ እንግዲህ ይሄ ነው። ክረምት ውሃው ከደረሰበት ወሰን ትንሽ ወጣ ብሎ ምልክት ይተከል፣ ከዛ ወደ ውስጥ እርሻም ሞተርም እንዳይገባ ከገበሬዎቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ፣ ለሚለቁትም ተለዋጭ ወይም ካሳ ይኑር፣ ዙሪያውን እንኳን ባይቻል ጎርፉ የሚገባበትን በኩል አስቀድሙ ምክንያቱም ምግቡ በብዛት የሚከማቸው እዛ ነው። ከላይ ያለው ዳገት እርከንና ዛፍ ይፈልጋል፣ ያለሱ የታቹ ሥራ ከንቱ ነው። ሐረርም ብትሆን ውሃ በጠበበ ቁጥር "ሐይቁ አለ አይደል" ብላ ቧንቧዋን መልሳ እንዳትዘረጋ ከአሁኑ በጽሑፍ ይታሰር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በየዓመቱ ጥር ላይ በመላው አፍሪካ የውሃ ወፍ ቆጠራ ይካሄዳል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እዛው ሐይቁ አጠገብ ነው፣ ባለሙያም ተማሪም አለው፣ እናንተ መኪናና ደብዳቤ ብቻ ብታመቻቹ ቆጠራው በየዓመቱ ሳይቋረጥ ሊሠራ ይችላል፣ የሐረር ትምህርት ቤቶችም ልጆች ይልካሉ፣ እኔ የራሴን ተማሪዎች ይዤ እመጣለሁ። ቁጥሩ በእጃችሁ ካለ ሐይቁ እየዳነ ይሁን እየሞተ ገና ሳይደርቅ ታውቁታላችሁ።

ውሃው መሸሽ የሚጀምረው ጥቅምት ላይ ስለሆነ ምልክቱ ከዛ በፊት ቢተከል ነው የሚጠቅመው። ለዚህ ስብሰባ የምትጠሩ ከሆነ እባካችሁ የሐይቁ ዙሪያ ገበሬዎች ባሉበት ሐረማያ ላይ አድርጉት፣ ከሐረር የምንመጣው እኛ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሐረር መምህር