ቅዳሜ ሳፋሪ ራሊን አብረን እንይ

ሰላም የደብረ ማርቆስ የመኪና ወዳጆች፣

ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ በተለመደው ቦታ እንገናኝ። የኬንያውን የመኪና ውድድር፣ የሳፋሪ ራሊን ቅጂ በትልቁ ስክሪን እናያለን። በፈረንጆቹ የ2022ቱን መርጠናል። ቶዮታ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ጠቅልሎ የወሰደበት ነው። አሸናፊው ካሌ ሮቫንፔራ ያኔ ገና 21 ዓመቱ ነበር! እኔ ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥረውም።

አቧራውን ልብ ብላችሁ እዩት። ውድድሩ በሚካሄድበት በኬንያው ናይቫሻ አካባቢ "ፌሽ ፌሽ" የሚሉት አቧራ አለ፤ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው። መኪናው ሲገባበት ከፊቱ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ወደ ላይ የወጣ የአየር ቱቦ የሚገጥሙትም ለዚሁ ነው፤ ሞተሩ አቧራና ውሃ እንዳይስብ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልብ ልለምናችሁ። በቀደም ከደጀን ወደ ዓባይ ስንወርድ ከፊታችን የነበረው ሚኒባስ ቆመ። የኋላ ጎማው ይጨሳል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ እኛ ጋ ደረሰ። ሾፌሩ በአራተኛ ማርሽ ፍሬን እየረገጠ ነበር የመጣው። እባካችሁ ያንን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ (በአንደኛ ወይም በሁለተኛ) ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል። ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ከጋለም ውሃ አትድፉበት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዳር ይዛችሁ ቁሙና ይቀዝቀዝ።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ አሳውቁን፤ ወንበር እንድናዘጋጅ።