አባባ፣ ሮምን ቀስ ብለን እንያት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ወንድሜ የላከልኝን የጉዞ ዝርዝር አየሁት። ሮም፣ ፒሳ፣ ፓሪስ፣ ለንደን፣ አቴንስ፤ ሁሉም በ10 ቀን። እርስዎም «ሁሉንም አንዴ አይቼ ልገላገል» ማለትዎን ነግሮኛል። በጣም ሳቅኩ። ግን አባባ፣ በዚህ ዝርዝር አልስማማም። በስልክ እንዳላስረዳዎት ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እርስዎም ሳልጨርስ «እሺ እሺ» ብለው ይዘጉታል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ዕድሜዎን ሙሉ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረዋል። አገርን በመስታወት ማየት ለእርስዎ ብርቅ አይደለም። ይህ ዝርዝር የሚሸጥልዎት ደግሞ ያንኑ ነው። ጠዋት አውቶቡስ ላይ መውጣት፣ አንድ ሐውልት ፊት ወርዶ ፎቶ መነሳት፣ ተመልሶ መሳፈር። ልዩነቱ መሪውን ሌላ ሰው መያዙ ብቻ ነው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሮም እኔ ቤት ታርፋላችሁ። ከተማዋን ቀስ ብለን እናያለን። ጉልበት ከተረፈን ለጥቂት ቀን ፓሪስ ደርሰን እንመለሳለን። ሌላው ይቅር።

ለንደንን ላስወጣት። ጣሊያን፣ ፈረንሳይና ግሪክ በአንድ የሸንገን ቪዛ ይታያሉ። እንግሊዝ ግን ከዚያ ውጭ ናት፤ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ጥበቃ ነው። ያ ሁሉ ደግሞ ቢግ ቤንን ከመንገድ ዳር ቆሞ ለማየት። አንድ ቀን እዚያ ብንሄድ እንኳ መጀመሪያ የምወስድዎት ዊንዘር ነው፣ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደተቀበረበት።

የፒሳው ዘመም ያለ ማማም ይቅር። አሳንሰር የለውም፣ ደረጃው ከ250 በላይ ነው፣ ደረጃው ራሱም እንደ ማማው ያዘመመ ነው። መሠረቱ የቆመበት አፈር ልል ስለሆነ ገና ሥራው ሳያልቅ ነበር መዝመም የጀመረው። ከሮም ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ይበላል። ሰው እዚያ ሄዶ የሚያደርገው እጁን ዘርግቶ ማማውን የደገፈ መስሎ ፎቶ መነሳት ነው። እርስዎን እንዲህ ሆነው ማየት አልፈልግም።

አቴንስን አልጠላሁትም፤ ግን ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሮም። መጀመሪያ የጥንቱን የሮማውያን ስታዲየም፣ ኮሎሲየምን እናያለን። ከሜትሮ ጣቢያው እንደወጡ ፊት ለፊትዎ ድንገት ይገተራል። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን አስጀመረው፣ ልጁ ጥጦስ እ.ኤ.አ. በ80 መረቀው። አዎ፣ ኢየሩሳሌምን ያፈረሰው ጥጦስ። ለግንባታው የዋለው ገንዘብም ከዚያው ጦርነት የመጣ ምርኮ ነው። ከአጠገቡ በስሙ የተሠራ ቅስት አለ። ውስጡን ቀና ብለው ሲያዩ፣ ወታደሮች ከቤተ መቅደሱ የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። እማዬን ከዚያ ማንቀሳቀስ የምንችል አይመስለኝም።

ኮሎሲየም 50 ሺህ ያህል ሰው ይይዝ ነበር። እኔን ከትልቅነቱ ይልቅ የሚገርመኝ የበሮቹ ነገር ነው። እያንዳንዱ የሕዝብ መግቢያ ቁጥር ነበረው። በአንዳንዶቹ ቅስቶች ላይ የሮማውያን ቁጥር ዛሬም ይነበባል። ተመልካቹ የተሰጠውን ቁጥር አይቶ በራሱ በር ይገባል፣ በራሱ በር ይወጣል። ከ1,900 ዓመት በፊት! እኛ ስታዲየም በር ላይ ስንት ጊዜ ተጋፍተናል። በአንድ ወገን የውጭው ግድግዳ የጎደለው በመካከለኛው ዘመን በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ የወደቀውን ድንጋይ ደግሞ ሰዉ እያነሳ ለሌላ ሕንፃ አዋለው። ደረጃ ለሚከብደው ሰው አሳንሰር አለ። ትኬቱ በስም ስለሚቆረጥ ፓስፖርት ይዘን ነው የምንሄደው። በር ላይ «ሰልፍ አትቆሙም» እያለ ትኬት የሚሸጥ ሰው ቢጠራዎት ዝም ብለው ይለፉት።

አባባ፣ እርስዎን በጣም ማሳየት የምፈልገው ግን የጥንቱን የሮማውያን ቤተ መቅደስ፣ ፓንቴዎንን ነው። ወለሉ ሜዳ ነው፣ ጉልበትዎን አያስቸግርም። የዛሬውን ሕንፃ ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ሀድርያን ነው፤ 1,900 ዓመት ሊሞላው ነው። ጣሪያው አንድ ትልቅ ጉልላት ነው፤ ስፋቱ 43 ሜትር፣ ከወለል እስከ ጫፍ ያለው ከፍታም ያው 43 ሜትር። ውስጡ ብረት የለውም፣ ኮንክሪት ብቻ ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ክብደቱ እንዲቀንስ ቀላል ድንጋይ እየቀላቀሉ ነው የሠሩት። መሐሉ ላይ ክፍት ቀዳዳ አለ፤ ዝናብ ሲመጣ ቀጥታ ይገባል፣ ወለሉ ላይ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል።

እዚያ ውስጥ መቃብሮች አሉ። አንዱ የጣሊያኑ ንጉሥ የቀዳማዊ ኡምቤርቶ ነው። ያ በዓድዋ ጊዜ የነበረው ንጉሥ። እርስዎ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲያልፉ ስንት ጊዜ ውጫሌ ላይ ቆመው ሻይ ጠጥተዋል? በ1881 ዓ.ም. ያ ውል እዚያ ሲፈረም በጣሊያን በኩል ንጉሡ ይህ ሰውዬ ነበር። ከዓድዋ 4 ዓመት በኋላ ሞንዛ በተባለች ከተማ በጥይት ተገደለ። እኔ መጀመሪያ ፓንቴዎን የገባሁት ጉልላቱን ለማየት ነበር። የመቃብሩን ጽሑፍ ሳነብ ግን ወዲያው እርስዎ ትዝ አሉኝ። አጠገቡ ቆመን ስለ ዓድዋ ቢያወሩልኝ ደስ ይለኛል፤ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ግን፣ ቦታው ቤተ ክርስቲያንም ነው።

ቫቲካን የእማዬ ቀን ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያ በነፃ ነው፤ የሚያደክመው የፍተሻው ሰልፍ ነው። ስለዚህ በማለዳ እንሄዳለን። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፣ ለነጠላ ለባሽ ይህ ጭንቅ አይደለም። ጉልላቱ ላይ አንወጣም። አሳንሰሩ ግማሽ መንገድ ያደርስና ቀሪውን 300 ምናምን ደረጃ በእግር ነው። ከሥር ሆኖ ማየት ይበቃል።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን ከአገራችንና ከኢየሩሳሌም ለሚመጡ መነኮሳት ማረፊያ ተደርጎ ነበር። በዚያ ዘመን እዚህ ለመድረስ ስንት በረሃና ባሕር አቋርጠው እንደመጡ ያስቡት። ከእነሱ ግዕዝ የተማረ አንድ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1513 እዚሁ ሮም የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት አሳተመ፤ በማተሚያ የወጣ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ነው። ከ35 ዓመት በኋላ ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ቤተ ክርስቲያኑ ቫቲካን አጥር ውስጥ ስለሆነ እንደ ልብ አይገባበትም። እማዬ ግን መኖሩን ስትሰማ ጴጥሮስን በሌላ ዓይን የምታየው ይመስለኛል።

አደባባዩ መሐል የቆመውን ረጅም ድንጋይ ልብ ይበሉት። ከግብፅ የመጣ ሐውልት ነው። ሮም ውስጥ እንዲህ ያሉ 13 ጥንታዊ ሐውልቶች ቆመዋል፤ ከእነሱ ብዙዎቹ በቀጥታ ከግብፅ የተጋዙ ናቸው። የእኛም አንድ ጊዜ ከመካከላቸው ነበር። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 መጥቶ ፖርታ ካፔና በሚባለው አደባባይ ቆመ። ያኔ ከፊቱ ይሠራ የነበረው ሕንፃ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው የታሰበ ነው፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆኗል። ሐውልቱን እንመልሳለን ብለው እ.ኤ.አ. በ1947 ፈረሙ፤ ከዚያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዝም። በመጨረሻ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በ3 ቁራጭ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ። እዚያ አደባባይ ላይ ዛሬ የሚታይ የእኛ ነገር የለም፣ እኔ ግን መውሰዴ አይቀርም። የሮም የጉዞ መጽሐፎች ለዚህ ቦታ ብዙ ቀለም አያባክኑም፤ ለእኛ ግን ከኮሎሲየም ጥቂት ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ነው።

ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ሌላ የግብፅ ሐውልት አለ፣ ለዶጋሊ ሟቾች መታሰቢያ የተደረገ። ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው 500 ያህል ወታደሮች ማለት ነው። የጣቢያው አደባባይ ራሱ «የአምስት መቶዎቹ» ተብሎ ነው የተሰየመው። በወረራው ጊዜ የይሁዳ አንበሳን ሐውልት ከአዲስ አበባ አምጥተው እዚህ ሐውልት ሥር አቁመውት ነበር። ዘርዓይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘውም እዚሁ ነው። አንበሳው ተመልሶ ለገሃር ፊት ለፊት ቆሟል፤ እርስዎም ያውቁታል። በየቀኑ ሻንጣ የሚጎትት ሕዝብ ቦታውን ሳያየው ያልፋል።

ፓሪስ አጭር ነው። አይፍል ማማን ከሥሩና ከሩቅ እናያለን፣ ካሰኛችሁም በአሳንሰር ሁለተኛው ፎቅ ድረስ እንወጣለን። 330 ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1889 ለኤግዚቢሽን ሲተከል ከ20 ዓመት በኋላ ሊነቀል ነበር፣ የሬዲዮ አንቴና ሆኖ ስላገለገለ ነው የተረፈው። በ2019 የተቃጠለው የኖትር ዳም ካቴድራል ታድሶ በታኅሣሥ 2024 ተከፍቷል (ሁለቱም እ.ኤ.አ. ነው)። መግቢያው ነፃ ነው። ሉቭር ሙዚየም ግን ለእግርዎ አይሆንም፤ እዚያ ሰው ተጋፍቶ የሚያያት ሞና ሊዛ ደግሞ ቁመቷ 77 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በሐምሌና በነሐሴ አትምጡ። ሮም በዚያን ጊዜ ታቃጥላለች። መስቀልን አክብራችሁ በጥቅምት ኑ። ከቦሌ ሮም በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን አለ፣ አየር ማረፊያ ድረስ እቀበላችኋለሁ። ቪዛው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ሊጠየቅ ይችላል፤ ለመጨረሻ ሳምንት አንተወው። ክፍያው በሰው 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። የጥሪ ደብዳቤውን እኔ እልካለሁ።

አዲስ ጫማ ገዝተው አይምጡ፣ እግርዎ የለመደውን ያድርጉ። የሮም መሐል ከተማ ኮብልስቶን ነው። ውሃ መግዛት አያስፈልግም፤ በየመንገዱ ሌት ተቀን የሚፈስ ቦኖ አለ፣ ንጹሕ ነው። ቡና ቆመው ከጠጡ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ከተቀመጡ ብዙ ቦታ ይጨምራል፤ ለእርስዎ ስንል እንቀመጣለን። ሜትሮና አውቶቡስ ላይ ኪስ አውላቂ ስለሚበዛ ቦርሳዎን ከኋላ ኪስዎ ያውጡት። «ስጦታ ነው» ብሎ እጅዎ ላይ ክር ሊያስር የሚመጣም አለ፤ እጅዎን አይስጡት።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሁለታችሁንም ፓስፖርት ፎቶ አንስቶ ወንድሜ ይላክልኝ። ከዚህ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት፤ የእማዬ የሚያልቅበት የደረሰ ይመስለኛል። ለእሷም ይንገሩልኝ፣ ቅቤና ቋንጣ እንዳትይዝ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል ነው፣ ጉምሩክ ይወርሱባታል። ሽሮና በርበሬ ይበቃናል።

ልጅዎ፣
ከሮም